በአባቱ ስም ሥር የተቀመጠ ልጅ

ሐሙስ ነበር፤ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን። ሐሙስ ሐሙስ ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከዴዶ የሚገባው ሰው ስለሚበዛ ባጃጅ ማግኘት ጭንቅ ነው። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍትም በሌላው ቀን የማናያቸው እንግዶች ይመጡበታል፤ ጉዳያቸውን ገበያ ላይ ጨርሰው፣ መኪናው እስኪሞላ ያለችውን ጊዜ ይዘው። የዚያን ዕለት በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላቸውን የት እንደሚያኖሩት ግራ ገብቷቸው ነበር። ተቀብዬ ጥግ አስደገፍኩላቸውና ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ የመመረቂያ መጽሐፉን አንድ ቅጂ እዚህ ሰጥቻለሁ ይለኛል ሁልጊዜ። ዛሬ ካልሆነ መቼ ልየው ብዬ ነው» አሉኝ።

«ስሙ ማን ነው አባባ?»

«ሙሐመድ።»

ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ወሬ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁ ነኝና ልቤ ሙሉ ነው። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ መተየብ ጀመርኩ። ሙሐመድ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም፤ በኦ ነው በዩ፣ ኤሙ አንድ ነው ሁለት፣ ከመጨረሻዋ ዲ በፊት ያለው ኤ ነው ኢ? አንዱን ስሞክር ምንም የለም፤ ሌላውን ስሞክር የሰው ብዛት። የአባትየውን ስም ጨምሬ ሞከርኩ፤ እሱም እንደ ሙሐመድ ሁሉ እንደ ጸሐፊው የሚለዋወጥ ነው። የቆየውን የታተመ መዝገብ አውጥቼ በኤም የሚጀምረውን ሁሉ በጣቴ እየተከተልኩ አየሁ። የለም።

«ምናልባት ሳይሰጥ ቀርቶ ይሆናል» አልኳቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌው ምንም አልመለሱልኝም፤ ዓይናቸውን ወደ ጃንጥላቸው መለሱ። ቡና ሸጠው ያስተማሩትን ልጅ ውሸታም እንዳልኩባቸው የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ማዋሻ ጠረጴዛው ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩት እትዬ ከወዲያ ሆነው ይሰሙን ነበር። ተነሥተው መጡና ሽማግሌውን በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው። ስለ ሰብሉ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ቀስ ብለው ልጁ መቼ እንደተመረቀ ጠየቁ። ሽማግሌው ዓመተ ምሕረቱን አያስታውሱም፤ የልጁ ሠርግ ከምርቃቱ በኋላ በሁለተኛው ዓመት እንደነበር ግን ያስታውሳሉ። ስለ ምን እንዳጠና ሲጠየቁ «ስለ ቡና» አሉ። እትዬ ቀጠሉ፤ «ስለ ተክሉ ነው ወይስ ስለ ንግዱ?» «ስለ በሽታው። ፍሬውን የሚያጠቁረው፣ እኛንም ያከሰረን።»

እትዬ ወደ ውስጥ ገብተው ብዙ ሳይቆዩ ጥቁር ሽፋን ያለው ጥራዝ ይዘው ወጡ። መዝገቡ ላይም፣ ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀትም የተጻፈው መጀመሪያ የአባት ስም፣ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ የልጁ ስም ነው። እኔ ሙሐመድን ስፈልግ እሱ የተቀመጠው በአባቱ ስም ሥር ነበር።

ሽማግሌው ጽሑፉን በጣታቸው ነክተው «ይኼ እኮ የኔ ስም ነው። ለምን እኔን አስቀደሙኝ? መጽሐፉ የሱ አይደለም?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ። መልሱን ያገኘሁት ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚመዘግበው ማርክ በሚባል ቅርጽ ነው። በማርክ የዋናው ደራሲ ስም የሚገባው 100 የሚል ቁጥር ባለው መስክ ላይ ሲሆን፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ አንዲት አኃዝ አለች። 1 ከሆነች ስሙ የሚጀምረው በቤተሰብ መጠሪያ ነው ማለት ነው። 0 ከሆነች የሚጀምረው በሰውየው በራሱ ስም ነው። የኛ አገር ሰው የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። አበበ ከበደ ማለት የከበደ ልጅ አበበ ማለት ነው፤ «አቶ ከበደ» ብሎ አበበን የሚጠራው የለም። ስለዚህ ለአበበም ለጫላም ትክክሏ አኃዝ 0 ናት፣ ስሙም ሳይገለበጥ ነው የሚጻፈው። ዓለም አቀፉ የካታሎግ ደንብ ይህን ያውቃል፤ የሰው ስም እንደ አገሩ ልማድ ይመዝገብ ይላል። ችግሩ ደንቡ ላይ አይደለም። ደንቡን ያላነበበ ሰው ከውጭ የመጣውን ናሙና አይቶ 1 ይጽፋል፤ ቀጣዩም እሱን አይቶ 1 ይጽፋል፤ አንድ ሺህ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በአባቱ ስም ሥር ይገባል። ያቺ አንዲት አኃዝ ናት ሽማግሌውን ከልጃቸው የለየቻቸው።

በድኅረ ምረቃ ትምህርቴ ስለዚህች አኃዝ አንድ ሰዓት አልተማርኩም። መምህሮቼን ለመክሰስ አይደለም። ጎበዞች ነበሩ፤ ዳታቤዝ እንዴት እንደሚነደፍ፣ የፍለጋ ሞተር ቃላትን እንዴት እንደሚመዝን፣ ዕውቀት በአንድ ድርጅት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር በደንብ አስተምረውኛል። ግን ክፍላችን ውስጥ «ላይብረሪያን እሆናለሁ» የሚል ሰው አልነበረም። ሲስተም አናሊስት፣ ዳታ ማኔጀር፣ ኔትወርክ የሚሉ ነበሩ። እኔ ቤተ መጻሕፍት መሥራት እንደምፈልግ የተናገርኩ ዕለት አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከልቡ አዝኖልኝ «ለዚህ ማስተርስ ምን አደከመሽ?» አለኝ። አልፈርድበትም። በማውቃቸው ተቋማት ላይብረሪያን ከመምህሩ ጋር ሳይሆን ከአስተዳደር ሠራተኛው ጋር ነው የሚቆጠረው፤ የሚያወጣው ጥናት ለዕድገቱ አያገለግለውም፣ ደመወዙም በዚያው ልክ ነው። የሥራ ማስታወቂያው «ኢንፎርሜሽን ሳይንስ» ይላል፣ ስትቀጠሩ ግን ማኅተምና ባርኮድ ይጠብቃችኋል። ባርኮድ መለጠፍ ነውር ሆኖ አይደለም። ሁለት ዓመት የተማረ ሰው ከባርኮዱ ጀርባ ያለውን ነገር እንዲያስተካክል የሚጠይቀው ካጣ ግን ትምህርቱ ባክኗል።

የመመረቂያ ጥናቴ የኤሌክትሮኒክ መረጃ አጠቃቀምን የሚገመግም ነበር። መጠይቅ በተንኩ፤ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ አምስት ሳጥን ያለው። ሰበሰብኩ፣ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አስገባሁ፣ ሠንጠረዥ አወጣሁ። መደምደሚያዬ ኢንተርኔቱ ይሻሻል፣ ሥልጠና ይሰጥ፣ በጀት ይጨመር የሚል ሆነ። ዲፌንሱን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። እስከ ዛሬ ያንን ጥናት ፈልጎ የመጣ ሰው የለም፤ ቢመጣም መጠይቁ ሳይበተን የማያውቀውን አንድ ነገር አያገኝበትም። ይህን የምለው አዝኜ ነው። ያን ሁሉ ወር የደራሲ ስም በማስተካከል ላይ አውዬው ቢሆን፣ ሽማግሌው በመጡበት ሐሙስ ሙሐመድ በቦታው ይገኝ ነበር።

የላይብረሪያን ትምህርት ከጥንትም ጥያቄ ያልተለየው ነው። ሜልቪል ዱዊ የአሜሪካን የመጀመሪያ የላይብረሪያን ትምህርት ቤት ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ኮሌጅ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ከመጀመሪያዎቹ 20 ተማሪዎች 17ቱ ሴቶች ነበሩ፤ የኮሌጁ የበላይ አካላት ይህን ስላልወደዱት ትምህርት ቤቱ በ1889 ወደ አልባኒ ሄደ። ዱዊ በሴቶች ላይ ይፈጽመው በነበረው ትንኮሳ የተነሳ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2019 ስሙን ከሽልማቱ ላይ አንሥቷል፤ ሙያችንን ከመሠረቱት አንዱን ስጠራ ይህንንም አብሬ መናገር አለብኝ። ህንዳዊው ራንጋናታን ደግሞ ማድራስ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪያን ሲሆን ሥራው ሰልችቶት ወደ ማስተማሩ ልመለስ ብሎ ነበር። ለትምህርት ለንደን ሲላክ እየዞረ ቤተ መጻሕፍቱን አየ፤ ያየውም ነገር አስተሳሰቡን ለወጠው። በ1931 ካወጣቸው አምስት ሕጎች አራተኛው የአንባቢውን ጊዜ ቆጥብ የሚል ነው። ማርክን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመራችው ሄንሪየት አቭራም የላይብረሪያን ዲግሪ አልነበራትም፤ ፕሮግራመር ነበረች። ካታሎግ ሠራተኞቹ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ እነሱኑ እየጠየቀች ተምራ ነው ያን ሥራ የሠራችው።

የራንጋናታንንና የአቭራምን ታሪክ ደጋግሜ የማነሣው ስለሚያጽናናኝ ነው። ሁለቱም ዕውቀታቸውን ከሌላ ቤት ይዘው መጥተው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ያደረጉት ማየትና መጠየቅ ነበር።

በኛ አገር የዘርፉን የድኅረ ምረቃ ትምህርት መልክ ያስያዘው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል (አይዲአርሲ) እና በዩኔስኮ ድጋፍ የተከፈተው፣ ለአፍሪካ ታስቦ የተቋቋመው የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ነው። እኔ እዚያ አልተማርኩም፤ ካስተማሩኝ መካከል ግን ከዚያ የወጡ ነበሩ። ስሙ ላይ «ቤተ መጻሕፍት» ሳይሆን «መረጃ» መባሉ ትክክለኛ አርቆ ማየት ነበር፤ ኮምፒውተሩ እየመጣ ነበርና። በኋላ የተከፈቱት ዲፓርትመንቶችም ይህንኑ ስም ይዘው ሄዱ። በመንገድ ላይ ግን አንድ ነገር የወደቀ ይመስለኛል፤ መረጃውን ፈልጎ ጠረጴዛው ፊት የሚቆመው ሰው።

ከሐሙሱ ሽማግሌ በኋላ እትዬን ጠየቅኳቸው፤ «መጽሐፉ እዚያ እንዳለ በምን አወቁ?»

«አላወቅኩም። ሰውየው ስም ይዞ መጣ፤ ስሙ አልሠራም። ሌላ ምን እንደያዘ ጠየቅኩት» አሉኝ።

በሙያችን ይህ የማጣቀሻ ቃለ መጠይቅ ይባላል። ክፍል ውስጥ በሁለት ስላይድ አልፈነዋል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገውን ሳይሆን ይገኛል ብሎ የሚገምተውን ነው የሚጠይቀው። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ «የሥነ ልቦና መጽሐፍ» ብላ ትመጣለች፤ ቀስ ብላችሁ ስትጠይቋት እናቷ ከታመመች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። አንድ ወጣት ገበሬ ከማና መጥቶ «የቡና መጽሐፍ አለ?» ይላል፤ ቁጭ አድርጋችሁ ስታወሩት የሚፈልገው 74110 የሚባለውን ዝርያ ከ74112 የሚለየውን ነገር ነው። (ከጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል የደከመባቸው ዝርያዎች ናቸው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ተፈልገው የተመረጡ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። ገበሬው ቁጥሩን እንደ ልጁ ስም ያውቀዋል። ይህም ካታሎግ ነው።)

እና ለዚህ ወጣት ቡናን የት ሄዶ ይፈልግ ልበለው? መጻሕፍት በየርእሳቸው ቁጥር እየተሰጣቸው በሚደረደሩበት በዱዊ አከፋፈል የቡና አዝመራ 633.73 ነው። አዘገጃጀቱ 663.93 ላይ ነው። ኢኮኖሚው 338.17373 ነው። የአቦል ቶናው ባህል ደግሞ 394 ውስጥ ይገባል። ጅማ ላይ ቡና አንድ ነገር ነው፤ ማሳውም፣ ገበያውም፣ ረከቦቱም አንድ ሕይወት ነው። መደርደሪያው ላይ ግን አራት ቦታ ተበትኗል። የዱዊን ቁጥር መሸምደድ ቀላል ነው፤ ከባዱ በነዚያ አራት ቦታዎች መካከል ያለውን መንገድ ለአንባቢው ማሳየት ነው። እንደዚሁ በአንድ ባጃጅ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚቀላቀሉት አማርኛና ኦሮምኛ መደርደሪያው ላይ 492.87 እና 493.55 ናቸው። በሃይማኖት ክፍሉ ከ220 እስከ 280 ያለው ሁሉ ለክርስትና ተሰጥቶ እስልምና በ297 ሥር መግባቱን ደግሞ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት ከተማ ለሚያነብ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ይህን አከፋፈል እንለውጠው አልልም፤ ዓለም የሚግባባበት ቋንቋ ነው። ተማሪው ግን የማን ቤት ተሠርቶ እንደተሰጠው አውቆ ይግባበት።

ከስሙ ቀጥሎ ብዙ ያደከመኝ ፊደሉ ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ጆሮ አይለያቸውም፤ ኮምፒውተር ግን ይለያቸዋል። ካታሎጉ ላይ «ዓለም» ብሎ የተመዘገበውን አንባቢ «አለም» ብሎ ቢፈልግ የለም ይባላል። ታሪክ የሚወዱ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈለጉትን መጽሐፍ ያጡት በአንድ ኀ ምክንያት ነበር፤ መጽሐፉ ከተቀመጡበት ወንበር አሥር እርምጃ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ዲግሪዬ ዋለልኝ። ስለ ፍለጋ ሞተር የተማርኩት ኮርስ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ኮምፒውተሩ እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ እንደሚቻል አስተምሮኝ ነበር። ደራሲው የጻፈበት ፊደል እንዳለ ይቀመጣል፤ ለፍለጋው ብቻ ከጀርባ ሌላ ቅጂ ይሠራል። ሠንጠረዡን ሠርቼ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ጓደኛ አግዞኝ ኮሃ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ላይ ሞከርነው። መምህሩ በመጡ ጊዜ እንዳሻቸው ጽፈው መጽሐፉን አገኙት። እትዬ የጠፋ መጽሐፍ እንዴት ተጠይቆ እንደሚገኝ ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደሚጠፋ ግን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። እኔ ለምን እንደሚጠፋ አወቅኩ። ሙያው የሁለታችን ዕውቀት አንድ ሰው ውስጥ ሲገናኝ ነው።

(አንድ ግጥምጥሞሽ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኮሃ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዚላንድ ነው፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ መለያ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በዚያው ዓመት ነው። የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆኑትም በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።)

የዘመን አቆጣጠሩን ባጭሩ ልለፈው፤ አንድ ምሳሌ ይበቃዋል። ርእስ ገጹ ላይ 1967 የሚል፣ ስለ አብዮቱ የሚያወራ መጽሐፍ አለ እንበል። መዝጋቢው ዓ.ም. መሆኑን ሳይጽፍ 1967ን እንዳለ ካስገባው፣ በዓለም ካታሎግ ላይ መጽሐፉ ከአብዮቱ ሰባት ዓመት ቀድሞ ታትሟል ማለት ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚያጠና ሰው ይህን አይቶ ምን ይላል? ሁለቱንም ዓመት መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ስሕተቱ ከካታሎግ ሠራተኛው እጅ ወጥቶ ወደ ተማሪው እጅ እየገባ ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የነጻ ተደራሽነት ፖሊሲ አግኝቷል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በዲጂታል ማከማቻ ተቀምጦ ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል ነው። እጅግ ደስ የሚል ነገር ነው። ማከማቻዎቹ የሚሠሩበት እንደ ዲስፔስ ያለው ሶፍትዌር ግን ጥናቱን ስታስገቡ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ ስም ይጠይቃችኋል። ተማሪው የአያቱን ስም ይጽፋል፣ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የራሱን። አንድ ሰው በሦስት ጥናት ሦስት ሰው ይሆናል። በዚያ ሣጥን አጠገብ ቁሞ «ቆይ፣ ስምህን እንዲህ ጻፈው፤ ዕድሜህን ሙሉም አትቀይረው» የሚለው ላይብረሪያን ከሌለ ማን ይለዋል?

ታዲያ ላይብረሪያን እንዴት ይማር? ጅማ ላይ ሆኖ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቅበት ነገር ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው። ተማሪዎች ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና መርሐ ግብር) ብለው ወደ ቀበሌዎች ይወጣሉ፤ የጤና ተማሪዎች ደግሞ ሊመረቁ ሲሉ ለቲቲፒ (ለቡድን ሥልጠና) ነርሱም፣ ፋርማሲስቱም፣ ሐኪሙም በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። ስለ ሰገራ ምርመራ በመጽሐፍ ያነበበው ልጅ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ቆማ የምታሳየው እናት ፊት ይቀርባል። ከቲቲፒ የተመለሱ ተማሪዎችን ጠረጴዛዬ ፊት ሳያቸው አውቃቸዋለሁ። ጥያቄያቸው ይለያል። «ስለ ወባ መጽሐፍ» አይሉም፤ «አጎበር ተሰጥቷቸው ለምን እንደማይተኙበት የሚያሳይ ጥናት» ይላሉ። ለእነሱ ሂናሪን ከፍቶ ማሳየት ደስታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ አገራችንን በመሰሉ አገሮች የሕክምና ጆርናሎችን በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያስነብብ አገልግሎት ነው።

የላይብረሪያን ተማሪም እንዲሁ ይውጣ እላለሁ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ማዋሻ ጠረጴዛ ላይ ከአንድ እትዬ አጠገብ ይቀመጥ፤ ለይምሰል የሚፈረም የልምምድ ወረቀት ይዞ ሳይሆን፣ በየቀኑ ተጠይቆ ያልመለሰውን እየመዘገበ። ከዚያ የመመረቂያ ጥናቱን ርእስ ከዚያ መዝገብ ያውጣ። አንድ ተማሪ የኢትዮጵያን ደራሲያን ስም ቢያስተካክል፣ አንዷ በቁቤና በፊደል የተጻፉ መጻሕፍት በአንድ ፍለጋ የሚገኙበትን መንገድ ብትሠራ፣ ሌላው በጅማና በአካባቢው በየቤተሰቡና በየሼኹ እጅ ካሉት የዓረብኛና የአጀሚ (በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የአገር ቋንቋ) ጽሑፎች ባለቤቶቹ ለፈቀዱት ዝርዝር ቢያወጣ፣ አሥር መጠይቅ የማይሰጠውን ይሰጡናል። ለዚህ ዓረብኛ የሚያነብ ላይብረሪያን ያስፈልጋል። ቁቤንም ፊደልንም የሚያነብ ያስፈልጋል። ፕሮግራሚንግ መማሩን እንቀንስ አላልኩም፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ፕሮግራሚንጉ የሚጻፍለት ችግር ከጠረጴዛው ይምጣ ነው የምለው።

ባለፈው ክረምት ለልምምድ የመጣች ልጅ «እህቴ፣ ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ባንክ ልወዳደር?» ብላ ጠየቀችኝ። የባንኩ ደመወዝ እንደሚበልጥ አልደበቅኳትም። የመግቢያ ፈተናውንም፣ ወጪውንም፣ ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሚረዝም ነገርኳት። ከዚያ የሽማግሌውን ታሪክ አጫወትኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «መጽሐፉን ሲያገኙት ምን አሉ?» አለች።

ምን እንዳሉ አልነገርኳችሁም። ብዙ አላሉም። ጥራዙን ከፍተው ገጽ በገጽ አገላበጡት፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንበብ አልቻሉም። የታመመ ቡና ፎቶ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። «ይኼ የኛ ማሳ ነው። ይቺን ዛፍ እኔ ነኝ የተከልኳት» አሉ። እትዬ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ሁለቱ በኦሮምኛ ስለዚያች ዛፍ ብዙ አወሩ። መኪናው ሄደባቸው። ማታ ነው በሌላ የገቡት።

ልጅቷ ማስተርሱን ጀምራለች።

እኔና እትዬ ደግሞ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ አንባቢ ሲሳሳ መዝገቡን እናቃናለን። እሳቸው ርእስ ገጹን ያነባሉ፣ እኔ እተይባለሁ፤ 1ን ወደ 0 እለውጣለሁ፣ የተገለበጠውን ስም እመልሳለሁ፣ ዓ.ም.ና እ.ኤ.አ. እለያለሁ። በፊደል ተራ ነው የምንሄደው። የሙሐመድን ያቀናነው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ተራው ሳይደርስ። ትናንት «መ»ን ጨረስን። ዛሬ ንጉሡ ሠ ነው። የመጀመሪያዋ ደራሲ ሠናይት ናት፤ ሽፋኑ ላይ በእሳቱ ሰ ታትሟል፣ መግቢያው ሥር ራሷ የፈረመችው ግን በንጉሡ ሠ ነው።

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱን ገጾች ደጋግመው አዩ። «በሕይወት ካለች ደውለን እንጠይቃት» አሉኝ።

አሳታሚው ጋ ደውያለሁ። ስልኳን ነገ እሰጥሻለሁ ብለውኛል።